ኲንኩንክስ ወይስ አምስት ወቄት?

ዶሚኖ የተጫወተ ሁሉ ቅርጹን ያውቀዋል፤ አራት ነጥቦች በአራቱ ማዕዘን፣ አምስተኛው ከመካከላቸው። ካርታ የሚወድም በአምስት ቁጥሯ ካርታ ላይ ያገኘዋል። ሮማውያን ይህን አሰላለፍ «ኲንኩንክስ» ብለውታል፤ እንግሊዞች ቃሉን እንዳለ፣ ፈረንሳዮች ደግሞ ጫፉን ጥቂት አለስልሰው ወርሰውታል። በአማርኛ ግን የተለመደ ስም የለውም። በትርጉም ሥራ ላይ ሲገጥመን «ባለ አምስት ነጥብ» ብለን እንሻገረዋለን፤ መዝገበ ቃላትም አይወቅሰንም፤ ቅርጹን ገልጸነዋልና። እኔ ግን እንዲህ መሻገሩ አይዋጥልኝም። ስሙ ሲወለድ ስለ ቅርጽ አንዳች አይናገርም ነበር፤ ሲወለድ የተናገረውን ትቶ ቅርጹን ብቻ የሚይዝ ትርጉምም ከቃሉ ውስጥ ለገጣሚ የሚጠቅመውን ክፍል ጥሎ ይሄዳል።

(ስለ አጻጻፉ አንዲት ቃል ልጨምር። የላቲኑ ጽሕፈት ለመነሻው ድምፅ ሁለት ፊደል ያስከትላል። የእኛ ፊደል ግን «ኲ»ን በአንድ ምልክት ይዞ ተቀምጧል፤ ይህ እንግዳ ቃል ከመምጣቱ በፊት ወንበሩ ተዘጋጅቶለት ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ኩዊን» እያልኩ ቃሉን የማስረዝምበት ምክንያት አልታየኝም።)

ኲንኩንክስ የሁለት ቃላት ጋብቻ ነው። «ኲንኬ» አምስት ነው፤ «ኡንኪያ» የአንድ ሙሉ ነገር አሥራ ሁለተኛ እጅ። ሮማውያን «አስ» የሚባል የነሐስ ገንዘብ ነበራቸው፤ ጥንት ክብደቱ አንድ ሙሉ የሮማ ሊብራ፣ ማለትም ወደ 327 ግራም ይደርስ ነበር። እርሱን በአሥራ ሁለት ከፍለው ለየክፍልፋዩ ስም አወጡለት፤ ዋጋውንም በሳንቲሙ ላይ በነጥብ አተሙት። አንድ ነጥብ አንድ ኡንኪያ፣ ሁለት ነጥብ የስድስት አንድ፣ ሦስት ነጥብ እርቦ፣ አራት ነጥብ ሲሶ ነው። ባለ አምስቱ፣ ኲንኩንክስ፣ የሮማ ከተማ የዘወትር ገንዘብ አልነበረም። በደቡብ ኢጣሊያ፣ በአፑልያ ምድር፣ እንደ ሉኬሪያ ያሉ ከተሞች ሮማ ከሃኒባል ጋር በተናነቀችበት በሁለተኛው የፑኒክ ጦርነት ዘመን (218–201 ቅ.ል.ክ.) ያወጡት ሳንቲም ነው። በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ አምስቱ ነጥቦች በሁሉም ሳንቲሞች ላይ እንደ ዶሚኖው አልተሰለፉም። ስለዚህ ስሙ ዋጋ ነበር። ቅርጹ ኋላ ተጠግቶበት፣ የቤቱን ባለቤት አስወጥቶ የቀረ ተከራይ ነው።

ሳንቲሙ ካለፈ በኋላ ቃሉ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ረዥም ዕድሜ ኖረ። የሟች ሀብት በአሥራ ሁለት ኡንኪያ ስለሚከፈል አምስቱ የደረሰው ሰው በኲንኩንክስ ወረሰ ይባል ነበር። ወለድም በወር ይታሰብ ስለነበር ከመቶ ላይ በየወሩ የአንድ አምስት አሥራ ሁለተኛ እጅ የምትወልድ ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ ታስገባለች፤ ይህም ወለድ ስሙ ኲንኩንክስ ነው። በኔሮን ዘመን በሃያ ሰባት ዓመቱ የተቀጨው ገጣሚ ፐርሲየስ በአምስተኛው የስላቅ ግጥሙ ልከኛ የሚለው ወለድ ይህንኑ ነው፤ ስግብግብ የሚለው 11 በመቶውን። እኔ በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው በመሆኔ ይህን ሳነብ ሳቅ አመለጠኝ። በአገራችን የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ወለል በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ከፍ እስኪል ድረስ ለዓመታት 5 በመቶ ነበር። በመስኮቴ ፊት ደብተራቸውን ይዘረጉ የነበሩ እናቶች ሁሉ ልከኛውን ኲንኩንክስ ይቀበሉ ነበር ማለት ነው፤ እነርሱም ሆኑ እኔ ስሙን ሳናውቀው።

እንግዲህ ወደ ሆራስ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እርሱ ነውና።

ሆራስ «የግጥም ጥበብ» እየተባለ በሚጠራው የግጥም ደብዳቤው ውስጥ ግሪኮችንና ሮማውያንን ያነጻጽራል። ለግሪኮች ሙሴ ተሰጥኦንና የተባ አንደበትን ሰጥታቸዋለች፤ ከምስጋና በቀር የሚስገበገቡለትም ነገር የለም ይላል። የሮማ ልጆች ግን በረዥም ስሌት አንዱን «አስ» መቶ ቦታ መከፋፈል ይማራሉ። ከዚያ ወደ አንድ ክፍል ያስገባናል፤ መምህር ይጠይቃል፣ የአልቢኑስ ልጅ ይመልሳል። ጥያቄው ከኲንኩንክስ ላይ አንድ ኡንኪያ ቢቀነስ ስንት ይቀራል የሚል ነው። ልጁ ሲሶ መሆኑን ሲመልስ መምህሩ ሀብቱን መጠበቅ የሚችል ልጅ መሆኑን እየመሰከረ ያመሰግነዋል። ቀጥሎ አንድ ኡንኪያ ቢጨመርስ ይለዋል፤ ልጁ ግማሽ ይላል። እዚህ ላይ ሆራስ ክፍሉን ዘግቶ ወደ እኛ ይዞራል። ይህ ዝገትና ይህ የጥሪት ጭንቀት አንድ ጊዜ ልብን ካቆሸሸ በኋላ በዝግባ ዘይት ተቀብቶ በጥድ ሣጥን ሊቀመጥ የሚገባው ግጥም ከየት ይመጣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን? ጥያቄው ይህ ነው። ዝገት ያለበትም ቃል በላቲኑ የነሐስን አረንጓዴ ዝገት የሚጠራው ነው፤ ያ ሳንቲም የሚዝገውን ዝገት።

በሺህ ከሚቆጠሩ የሒሳብ ቃላት መካከል ግጥምን ይገድላል ብሎ ለምሳሌ ያነሣው ኲንኩንክስን ነው። እኔ ይህን ክፍል ያነበብኩት ከሥራ ስወጣ፣ የቀኑን ሒሳብ ዘግቼ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «ገጣሚው» ይሉኛል፣ የግጥም ጓደኞቼ «ባንከሩ»፤ ሁለቱም ወገን ስሙን ሲጠራ ትንሽ ፈገግ ይላል። ስለዚህ ሆራስ የጠየቀው ጥያቄ ለእኔ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ክፍልፋይ ሲያሰላ ውሎ ማታ ሊጽፍ የሚቀመጥበት ልብ ንጹሕ ነው ወይ?

ለመልሱ ከራሱ ከሆራስ ኑሮ እጀምራለሁ። አባቱ ነፃ የወጣ ባሪያ፣ የጨረታ ገንዘብ ሰብሳቢ ነበረ። ልጁ በ42 ቅ.ል.ክ. በፊሊጲ በብሩቱስ ወገን ተሰልፎ ተሸነፈ፤ ወደ ሮማ ሲመለስም የአባቱ ርስት ተወርሶ ጠበቀው። ያን ጊዜ ምን ሆነ? የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ስዌቶኒየስ እንደሚነግረን በመንግሥት ግምጃ ቤት የጸሐፊነት ሹመት ገዛ። በሌላ አነጋገር ሆራስ የሒሳብ ክፍል ባልደረባ ነበር! የተወለደባት ቬኑሲያ ራሷ ከአፑልያ ዳርቻ ናት፤ ከኲንኩንክስ ሳንቲሞች አገር። ልጁ በክፍል ውስጥ የሚመልሳትን ስሌት ሆራስ በቀን ስንት ጊዜ በመዝገብ ላይ አስፍሯት ይሆን? ግጥሞቹም በዝግባ ዘይት ሳይቀቡ ሁለት ሺህ ዓመት ዘለቁ። ሰውዬው በቃሉ የከሰሰውን በኑሮው ነፃ ለቅቆታል። እንዲያውም ያ የክፍል ውስጥ ምልልስ ከደብዳቤው ሁሉ ሕያው ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሒሳቡን ከውስጥ የማያውቅ ሰው እንዲያ ባጭሩ ሊጽፈው አይችልምና።

ሆራስን ይበልጥ የሚረታው ግን የቃሉ የኋላ ጉዞ ነው። በ44 ቅ.ል.ክ. ሲሴሮ ስለ እርጅና በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሽማግሌው ካቶ የአንድ አትክልት ስፍራ ታሪክ ይተርካል። የስፓርታው ሊሳንድሮስ በሰርዴስ የፋርሱን ልዑል ታናሹን ቂሮስን ሊጎበኝ ይመጣል፤ የዛፎቹን ቁመትና በኲንኩንክስ የተሰለፉትን ረድፎች፣ የታረሰውን አፈርና የአበባውን ሽታ ያደንቃል፤ ይህን የለካና የነደፈ ባለሙያ ማን እንደ ሆነም ይጠይቃል። ቂሮስ የለካው እርሱ ራሱ መሆኑን፣ ከዛፎቹም ብዙዎቹን በገዛ እጁ መትከሉን ይነግረዋል። ሐምራዊ ለብሶ በወርቅ ያጌጠ ልዑል አፈር የነካ እጅ አለው። ታሪኩን ከሲሴሮ በፊት ዜኖፎን በግሪክኛ ጽፎታል፤ ኲንኩንክስን የጨመረበት ግን ላቲኑ ነው። ገበሬው ከሳንቲሙ ላይ አምስቱን ነጥብ አንሥቶ ችግኝ አደረጋቸው። ለምን አምስት? አትክልተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ችግኝን ቀጥ ባሉ ረድፎች ላይ ብቻ ከተከልከው በየአራቱ መካከል ባዶ መሬት ይቀራል፤ አምስተኛውን ከመካከል ብታገባው ቅርንጫፍም ሥርም ቦታውን ይካፈላል።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኲንቲሊያን የሚባለው የንግግር ጥበብ መምህር ይህንኑ ሐሳብ ለጸሐፊዎች አመጣው። በስምንተኛው መጽሐፉ ስለ ቃል ጌጥ ሲያስተምር ከኲንኩንክስ የሚበልጥ ውበት ወዴት አለ ይላል፤ ከየትኛውም አቅጣጫ ብታየው ቀጥ ያለ ነው። ወዲያውም ጥቅሙን ያስከትላል፤ ዛፎቹ የምድሩን እርጥበት እኩል ይስባሉ። እዚያው አጠገብ የዱር ሱፍ አበባና ቫዮሌት የበቀለበትን እርሻ ከደረሰ አዝመራና ፍሬ ካጎነበሰው ወይን አያስበልጥም። መልካም ጌጥ ከጥቅም አይለይም ባይ ነው። ሆራስ ግጥምን ከሚያበላሽ ነገር የቆጠረውን ቃል ኲንቲሊያን የመልካም ጽሑፍ ምሳሌ አደረገው፤ ያውም የመዝገቡን ሰው ጠባይ ሳያስወግድ፣ እኩል ማካፈሉን ጠብቆ። በዚህ ክርክር ማን እንዳሸነፈ ለመናገር ገለልተኛ አይደለሁም።

ነገር ግን ውበትና ጥቅም አብረው ሲሄዱ ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቅ ይገባል። በ52 ቅ.ል.ክ. ጁሊየስ ቄሣር በጎል ምድር አሌሲያን ሲከብ ወታደሮቹን ጉድጓድ አስቆፈራቸው፤ ጥልቀቱ ሦስት ጫማ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ በረድፍ በረድፍ፣ በኲንኩንክስ። በየጉድጓዱ የጭን ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ተስሎ በእሳት የጠነከረ እንጨት ተተከለ፤ ከመሬት ብቅ ያለው ከአራት ጣት አይበልጥም። ላዩ በጭራሮና በቅጠል ተሸፈነ። እንዲህ ያሉ ስምንት ረድፎች በሦስት ሦስት ጫማ ርቀት ተዘረጉ። ወታደሮቹ አበባ መሰላቸውና «ሱፍ አበባ» ብለው ጠሩት። ቄሣር ይህን የሚጽፈው አንድም ቅጽል ሳይጨምር፣ በክምችት ክፍል ቆጠራ ቋንቋ ነው። የቂሮስ ዛፎች እርጥበቱን እኩል እንዲካፈሉ የረዳቸው ስልት እዚህ በጨለማ የሚሮጥ ሰው በሁለት ረድፎች መካከል ማምለጫ እንዳያገኝ ረዳ። የኲንቲሊያንን ሱፍ አበባ ካነበብኩ በኋላ የቄሣርን ሱፍ አበባ ሳነብ ቃሉን እንደ ቀድሞው ዝም ብዬ መውደድ አልቻልኩም፤ ደግሞም አይገባኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ብራውን በ1658 እ.ኤ.አ. «የቂሮስ አትክልት» የሚባል መጽሐፍ አወጣ፤ በመረብ፣ በአልጋ ጠፍር፣ በቅጠልና በዘር፣ በጦር ሰልፍ፣ በዐይኑ ባረፈበት ሁሉ ይህንን አምስት ነጥብ አየ። ምዕራፎቹም አምስት ናቸው። ደግ ሰው ነው፤ ግን አንድን ቅርጽ በሁሉም ቦታ የሚያይ ሰው በየትም ቦታ በደንብ አያየውም እላለሁ። ከእርሱ የምወድለት መጽሐፉን ከመቃብር ሸክላዎች ድርሰቱ ጋር በአንድ ጥራዝ ማሳተሙን ነው። በ1870ዎቹ ፍራንሲስ ጋልተን ምስማር በኲንኩንክስ የተመታበት ሰሌዳ ሠርቶ፣ ትንንሽ እንክብሎች በመካከሉ እየተንጠባጠቡ ሲወርዱ ከታች እንደ ደወል ያለ ክምር እንደሚሠሩ አሳየ፤ መሣሪያውንም በዚሁ ስም ጠራው። ኮከብ ቆጣሪዎች ደግሞ ሁለት ፕላኔቶች በ150 ዲግሪ ሲራራቁ ኲንኩንክስ ይላሉ። 150 የ360 አምስት አሥራ ሁለተኛ እጅ ነው! ከሁሉም ወራሾች የመጀመሪያውን ሒሳብ ሳያጎድሉ የጠበቁት ኮከብ ቆጣሪዎች መሆናቸው ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ጥቂት ያሳፍራል።

ሼመስ ሂኒ ግን ቆም ያሰኛል። በኦክስፎርድ ባሰማቸውና በ1995 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ በወጡት ንግግሮቹ ውስጥ አየርላንድን በአምስት ግንቦች ኲንኩንክስ አድርጎ ይነድፋታል። ከመካከል ጥንታዊውን ክብ ግንብ ያቆማል፤ በደቡብ የስፔንሰርን ኪልኮልማን፣ በምዕራብ የየትስን ባሊሊ፣ በምሥራቅ የጆይስን የባሕር ዳር ግንብ፣ በሰሜን ከማክኒስ ጋር የተያያዘውን ካሪክፈርገስን። ስፔንሰር ቅኝ ገዢ ነበር፤ ግንቡም ተቃጥሏል። ሂኒ እርሱንም ከማዕዘኖቹ አንዱ አደረገው። ቃሉ ይህን ሸክም ሊሸከም የቻለው ርስት ማካፈል የለመደ ቃል ስለሆነ ይመስለኛል። «ባለ አምስት ነጥብ» በዚያ ቦታ ቢገባ ካርታ ላይ የተመቱ አምስት ምስማሮችን ያሳየናል እንጂ ድርሻን አያሳየንም። እኛ በየዓረፍተ ነገራችን መጨረሻ አራት ነጥብ የምንተክል፣ መካከሉንም ባዶ የምንተው ሕዝብ ነን፤ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ነጥብ ብንጨምር ምን እንደሚቀየር ከማንም ይልቅ ልንረዳው ይገባን ነበር።

ታዲያ ምን እንበለው? መልሱ ከወርቅ ቤት ነው። ላቲኖች «ኡንኪያ» ያሉትን ግሪኮች «ኡንጊያ» ብለው ወሰዱት፤ ዐረቦች «ኡቂያ»፣ «ወቂያ» አሉት፤ ከዐረቦች ወደ እኛ ሲሻገር «ወቄት» ሆነ። ወርቅ የምንመዝንበት ወቄት የኲንኩንክስ ሁለተኛ እጅ ነው። የሮማው ኡንኪያ ወደ 27 ግራም ይመዝናል፤ የእኛ ወቄት በጠገራ ብር ክብደት የሚለካው 28 ግራም። በዚያ ሁሉ ባሕርና በረሃ፣ በዚያ ሁሉ ነጋዴ እጅ አልፎ የጎደለው ነገር የለም፤ እንዲያውም ትንሽ ተርፏል። ስለዚህ ኲንኩንክስ ቃል በቃል ሲተረጎም «አምስት ወቄት» ነው። ቅርጹን መናገር ስንሻ «በአምስት ወቄት ተተከለ»፣ «በአምስት ወቄት ተሰለፈ» እንበል።

የሚቃወሙኝ ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው አንባቢ ወርቅ ይመስለዋል የሚል ነው። ይምሰለው! የሮማው አንባቢም ገንዘብ ይመስለው ነበር፤ ሲሴሮ ስለ ዛፍ ረድፍ ሲጽፍ ከቃሉ ሥር ሳንቲሙ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ እኛ የምንፈልገውም ያንን ድምፅ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ወቄት የክብደት መለኪያ እንጂ የአሥራ ሁለተኛ እጅ ስም አይደለም ይላል። ይህ እውነት ነው፤ አሥራ ሁለቱን ወቄት አይነግረንም፤ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ተርጓሚው ራሱ ሊያቀብለን ይገባል። ነገር ግን ዋጋውን ከነቅርጹ ከማጣት ከዋጋው ላይ ጥቂት መጉደሉ ይሻላል። የቄሣርን ጉድጓዶች ስንተረጉምም እንኳ አምስት ወቄት እንበላቸው፤ እዚያ ሲደርስ ቃሉ ቢያስደነግጥ ላቲኑም ያስደነግጣል።

ለክፍልፋዮቹ ግን አንቸገርም። ልጁ ለመምህሩ የሚመልሳት «ትሪየንስ» በአማርኛ ሲሶ ናት፤ ቀጥላ የምትመጣው «ሴሚስ» እኩሌታ። እነዚህ ቃላት በእኛ ዘንድ የሒሳብ ደብተር ብቻ አልነበሩም፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ገበሬ ለባለ መሬቱ የሚሰፍረውን የአዝመራውን ሲሶ፣ የአዝመራውን እኩሌታ ይቆጥሩ ነበር። አያቱ የሲሶ አራሽ የነበረ አንባቢ የአልቢኑስ ልጅ ከአምስት ወቄት ላይ አንዱን አንሥቶ መልሱን ያን ያህል ፈጥኖ እንዴት እንዳገኘው የግርጌ ማስታወሻ አያሻውም።